ሽማግሌ የተላከበት ፓኬጅ

ጎረቤቴ አንድ ቀን መጥረቢያ ሊዋሰኝ መጣ። በሩ ላይ ቆመን ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራን፤ ስለ በሬው የፊት እግር፣ ሊበን ስለተዳረች እኅቱ፣ ሽንዲ ላይ ስለጣለው በረዶ። ተሰናብቶኝ ፊቱን ካዞረ በኋላ፣ «እንደው ዘንድሮ እንጨቱ ሁሉ ጠጥሯል፤ በእጅ አልሰበር አለ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። መጥረቢያውን ይዤ ተከተልሁት። ስጠኝ አላለኝም፣ እኔም ምን ፈለግህ አላልሁትም፤ ሁለታችንም የሚባለውን ብለን የሚደረገውን አድርገናል።

እንዲህ ባለ አገር ተወልጄ ስላደግሁ፣ ብዙ ነገር ባላውቅም መጠየቅን ግን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስለኝ ነበር። ይህን ትዕቢቴን ያስተነፈሰው አንድ የኮምፒውተር ፓኬጅ ነው።

ፍኖተ ሰላም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። የክፍላችን ኮምፒውተሮች ከእኔ ቀድመው የተቀጠሩ ናቸው። ተማሪ ሁሉ በፍላሽ የሚያመጣው ቫይረስ ሲያሰቃያቸው ጊዜ፣ አንድ የክረምት ዕረፍት በሙሉ ተቀምጬ ሊኑክስ ጫንሁባቸው። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልናገር፦ ሊኑክስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ሥርዓት ነው። ፕሮግራም ሲያስፈልግ ከየሜዳው አይለቀምም። በጎ ፈቃደኞች አበጥረው፣ ፈትነው፣ በየስሙ አስረው ያስቀመጡበት የጋራ ጎተራ አለ፤ የሚወሰደው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ እስር ፓኬጅ ይባላል፤ እያንዳንዱም የሚጠብቀው ሰው አለው። ጎተራው ውስጥ የሌለ ነገር የፈለገ ሰው በኢንተርኔት መድረካቸው ላይ ገብቶ ይጠይቃል።

እኔ የጠየቅሁት ለራሴ አልነበረም። የአማርኛ መምህራችን በልጅነታቸው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ስለሆኑ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ያለው ነገር ቀስ እያለ የሁለቱንም ዓይናቸውን ብርሃን ወሰደው። ማስተማሩን አላጓደሉም፤ መጽሐፉን ከነገጹ በቃላቸው ይዘውታል። ችግሩ ፈተና ላይ መጣ። ፈተና የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ ከመሰጠቱ በፊት ከርእሰ መምህሩ በቀር ሌላ ሰው ሊያየው አይገባም። የኔታ ግን የተየቡትን የሚያነብላቸው ባልደረባ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አንድ ዓመት ላይ ታዲያ ፈተናው አፈተለከ የሚል ወሬ ተነሣ። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም ወላጆች አፋጠጡት። የኔታን ቢሮው ጠርቶ፣ የዚህን መንፈቅ ማጠቃለያ ፈተና ያለ ሌላ ሰው ዓይን አውጥተው፣ አርመው ካላስረከቡ ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንደሚዛወሩ ነገራቸው። የኔታ ከቢሮው ወጥተው የኮምፒውተር ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«ቤተ መጻሕፍት አሉኝ» አሉ። «ዕውር ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ምን ያደርጋል ልጄ? መጽሐፍ ያሸታል?»

መሳቃቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልሳቀም። መተየቡን ጣቶቻቸው ያውቁታል፤ ዓይናቸው ደህና ሳለ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። የጎደለው የተየቡትን መልሶ የሚያነብላቸው ብቻ ነበር። አማርኛን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም እንዳለ አውቃለሁ፤ እኛ በምንጠቀምበት ሊኑክስ ጎተራ ግን አልነበረም። ከውጭ አምጥቼ በግድ ልጭነው ሞከርሁ፤ አንዱ ኮምፒውተር የነበረውን ድምፅም አጥቶ ቁጭ አለ። የቀረኝ መጠየቅ ነው።

ያን ሰሞን ፍኖተ ሰላም ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ላፕቶፔን አንጠልጥዬ፣ በማንኩሳ አድርጌ ቡሬ ድረስ ሄድሁ። ኢንተርኔት ቤቱ ተቀምጬ መድረኩን ከፈትሁት። ከላይ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ፓኬጅ ከመጠየቅዎ በፊት ያንብቡ ይላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ጠመጠምሁ፤ ጽሑፉን ዘልዬ በቀጥታ መጻፊያው ላይ ወረድሁ።

የጻፍሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ርእሱን «ሰላምታ ከኢትዮጵያ» አልሁት። እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰብስ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል ብዬ ጀመርሁ። ሥራቸውን አወደስሁ፤ እጃችሁ አይንጠፍ አልሁ። እንግሊዝኛዬ የቻለውን ያህል መረቅሁ። ከዚያ በኋላ፣ ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ እንጃ፣ የፕሮግራሙን ስም ሳልጠራ «በቤታችን አንድ ድምፅ ጎድሏል፤ ለሚሰማ ሰው ይህ ይበቃል» ብዬ ደመደምሁ። ጎረቤቴ ቢያነበው ኮርቶብኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሼ ስከፍተው አንድ መስመር መልስ አገኘሁ። «የሚፈለገው ፓኬጅ ስም ምንድን ነው?» ይላል። ሰላምታ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ያን ሁሉ ምርቃቴን መሬት ጣለው። ደሜ ፈላ። የፕሮግራሙን ስም ጻፍሁና ከሥሩ አስቸኳይ፣ አስቸኳይ፣ አስቸኳይ ብዬ ላክሁለት። እንደገና በሳምንቱ ሄድሁ፤ ምንም የለም። የመንፈቁ ማብቂያ እየቀረበ ነው፤ የኔታ ባገኙኝ ቁጥር ምንም አይጠይቁኝም፤ አለመጠየቃቸው ነው የሚያስጨንቀኝ።

ነገሩን ለሒሳብ መምህሩ አወራሁት። ትልቅ ሰው ነው፤ ሠርግም ዕርቅም ያለ እሱ አይሆንም።

«እኔ ምለው እኅቴ» አለኝ፣ «አንቺው ራስሽ ደጃቸው ሄደሽ ጠየቅሻቸው?»

«አዎ።»

«በይ ተይው፤ እንኳን ዝም አሉሽ። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በራስ አፍ ይጠየቃል? ሽማግሌ ይላካል እንጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።»

እውነቱን ነው አልሁ። አንድ ቅዳሜ እሱ፣ የስፖርት መምህሩና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አብረውኝ ቡሬ ወረዱ። ሦስቱም እዚያው ኢንተርኔት ቤት ተራ በተራ አካውንት ከፈቱ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «የእኅታችንን ጉዳይ አደራ» ብላ ጻፈች። የስፖርት መምህሩ «እኔም ስለዚያው ጉዳይ ነው የመጣሁት» አለ። የሒሳብ መምህሩ ወንበር ቢሰጠው አልቀመጥም አለ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ብቻ ግራ ገብቶት ያየዋል። ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ እየለቀመ፣ «ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል። እሺ እስክትሉን ቆመናል» ብሎ ጻፈና ላብ የወጣውን ግንባሩን ጠረገ። ደስ ብሎን ተመለስን።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ ስከፍተው ጥያቄዬ ላይ የቁልፍ ምልክት ተቀምጧል። «ይህ ጥያቄ ተዘግቷል። አራቱ አካውንቶች በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ የገቡ ናቸው፤ የአንድ ሰው ይመስላሉ። ማብራሪያ እስኪቀርብ ታግደዋል።» ብቻ ይህ ነው። አራታችንንም አንድ አጭበርባሪ አደረጉን።

ሚኒባሱ ውስጥ ከንዴቴ የተነሣ አለቀስሁ። ለሒሳብ መምህሩ ስነግረው ከሁሉ የከፋው መታገዱ አልነበረም። «እኔንና የስፖርት መምህሩን አንድ ሰው ናቸው አሉ?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ።

ለየኔታ መንገር ነበረብኝ። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አስቀምጫቸው ከሀ እስከ ፐ ተናዘዝሁ። የሒሳብ መምህሩ ቆሞ የጻፈው ጋ ስደርስ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌው የተላከው ለእኔ ነዋ» አሉ። «ባለ ጉዳዩ ሳልሰማ።»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ።»

«እሱስ ይሁን። እነዚያ ሰዎች ደጃቸው ላይ የጻፉት ነገር የለም? እንዲህ ግቡ፣ እንዲህ ውጡ የሚል?»

«አለ።»

«ምን ይላል?»

«አላነበብሁትም።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እኔ ማንበብ አጥቼ ይኸው አንቺን ቡሬ አመላልሳለሁ» አሉ። «አንቺ ሁለት ዓይን ይዘሽ ዘለልሽው?»

ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንዲህ ግን አጥንቴ ድረስ የገባ ቁጣ አላስታውስም። እሳቸው ግን መቆጣታቸውም አልነበረም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጠበቁ ነው። ገጹን ላፕቶፔ ላይ አስቀምጬው ስለነበር ከፈትሁና ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብላቸው ጀመር።

መጀመሪያው፣ ከመጠየቅህ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆት እንደሆነ ፈልግ ይላል።

«ይኸማ የእኛ ነው» አሉ የኔታ ቀና ብለው። «እኛ ተማሪዎች አኮፋዳ ይዘን ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠያየቀው ማን ወደየትኛው ቤት ሄደ ብለን ነው። ጓደኛህ የለመነበትን ቤት ደግመህ አትለምንም። ቀጥዪ።»

በአንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ይላል። ስሙን፣ ከየት እንደሚገኝ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ በአጭሩ ተናገር ይላል።

«በእንተ ስማ ለማርያም ትላለህ፤ በቃ። ያቺ ቃል የመጣህበትን ሁሉ ትናገራለች። ሴትዮዋ እሳት ላይ ናት፤ ስለ ክረምቱ ልታወራት አልመጣህም።»

አንገቴን ደፋሁ። መልስ ቢዘገይ አትደጋግም፣ አስቸኳይ አትበል ይላል።

«ዝም ካለች ወይ የላትም፣ ወይ ሥራ ይዛለች። ትሄዳለህ። በሩን የሚነቀንቅ ተማሪ አላየሁም፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።»

ወዳጆችህን ሰብስበህ አታምጣ ይላል።

«በመንጋ የሚመጣማ ወራሪ ነው» አሉና እንደገና ሳቃቸው መጣ። «የሒሳቡን መምህር ቆሞ ሲያዩት ምን ያድርጉ?»

የመጨረሻውን አነበብሁላቸው። ይህን ሥራ የምንሠራው ያለ ክፍያ፣ ከዕለት ሥራችን በምትተርፈን ሰዓት ነው፤ ማንም ለማንም ግዴታ የለበትም ይላል። የኔታ መሳቃቸውን አቆሙ።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ።»

ደገምሁላቸው።

«ደመወዝ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም አላዘዛቸውም የኔታ።»

«እኒህ እዚህ ክፍል ያሉት ሁሉ በእነሱ ነው የሚሠሩት?»

«በእነሱ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉና አጠገባቸው ያለውን ኮምፒውተር ሣጥን ዳሰሱት። ሞቅ ብሎ ይንዘረዘራል። መዳፋቸውን እዚያው አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «ስመ እግዚአብሔር» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ስንት ዓመት በዚህ ሥርዓት ስሠራ አንድ ቀን አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ የጎተራውን ዝርዝር ከፍቼ ከፓኬጆቹ ስም ጎን የጠባቂዎቹን ስም ማንበብ ጀመርሁ። አንዱ የሚጠብቀው ሰዓት የሚያሳየውን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላዋ ስሙን ሰምቼ የማላውቀውን ቋንቋ ፊደላት ትጠብቃለች። የእኛን ፊደል ስክሪን ላይ የሚያሳየውንም የሚጠብቅ ሰው አለ፤ በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ እንደማይ እያየሁት ሰው እንደሠራው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ዝርዝሩ ወደ ታች ቢጎተት ቢጎተት አላልቅ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ማታ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ለማያውቀኝ ለእኔ ሲያበጥር ኖሯል። ያኔ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነው ማለት ይከብደኛል፤ ፍርሃት ይቀርበዋል። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የቆየሁ መሰለኝ።

በማግስቱ የኔታ ደብዳቤውን አስጻፉኝ። አጭር ነበረች። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ደንባችሁን ሳላነብ ገባሁ። አራታችን አራት ሰዎች ነን፤ በአገራችን ለትልቅ ጉዳይ ሽማግሌ መላክ የአክብሮት ምልክት ነው፣ በእናንተ ቤት ሌላ ትርጉም እንዳለው አላወቅንም። ከዚያ የፕሮግራሙ ስም፣ ምንጩ የሚገኝበት፣ ፈቃዱ ነፃ መሆኑ። የሚያስፈልገው ዓይነ ስውር የሆነ የአማርኛ መምህር የጻፈውን ራሱ እንዲያርም ነው። ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ዛቻው ልጨምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ለምን እንደሚያስፈልግ ነግረሻል። ልታስለቅሺያቸው አልሄድሽም።»

ቡሬ ወርጄ ማብራሪያ በሚቀበሉበት አድራሻ ላክሁት። ደግሜ ልጽፍ እጄን እየበላኝ ቻልሁት። ከሳምንት በላይ ሆኖት ቡሬ ስደርስ ቁልፉ ተነሥቷል። መጀመሪያ ያን አንድ መስመር የጻፈልኝ ሰው ነው የመለሰው። ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አማርኛችን አንዱን ምረጪ ስለሚለኝ እሱ እለዋለሁ። «የአራቱም እገዳ ተነሥቷል። ፓኬጁን እኔ እይዘዋለሁ። ቋንቋውን ግን አላውቅም። በትክክል ማንበቡን የሚያዳምጥ ሰው ካላረጋገጠልኝ ጎተራ አላስገባውም። የሚያዳምጥ ሰው አለ?»

ሰላምታ አሁንም የለም። በዚህ ጊዜ ግን አላስቀየመኝም፤ ሰውዬው ያለችውን ሰዓት ለሥራው እንደሚቆጥባት ገብቶኛል። ለሙከራ ያዘጋጀውን በላፕቶፔ ይዤ ተመለስሁና ለየኔታ ጆሮ ማዳመጫ አጠለቅሁላቸው። የትምህርት መጽሐፉን የመጀመሪያ አንቀጽ አስነበብሁላቸው። ፊታቸውን እያየሁ ነው። መጀመሪያ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ቀጥሎ ከንፈራቸው ማሽኑን ተከትሎ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ። «ግን ያነባል ልጄ። ያነባል።»

ማዳመጫውን ለማውለቅ አልፈቀዱም። የትምህርት ሰዓታቸው ሲደርስ ክፍል ገብተው፣ ሲያልቅ እኔ ዘንድ እየተመለሱ ሳምንቱን ሙሉ አዳመጡ። ስህተቱን እየተናገሩ አስጻፉኝ። «ጸ»ን እንደ «ሰ» ይላታል። ቁጥር ላይ ይደናቀፋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፦ የልደት ገናንና ገና ነው የምንለውን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ውኃ ዋናና ዋናው መንገድ አንድ ናቸው፤ የሚመታውና የሚመታው ሰው አይለዩም። ሁሉንም ወሰድሁለት። ጠባቂው ጸ እንዴት እንደምትባል በሰው ድምፅ ላኩልኝ አለ፤ የኔታ ስልኬ ላይ ጸሎት፣ ጸሐፊ፣ ጸጋ እያሉ ቀዱለት። በቀጣዩ ተስተካክላ መጣች። ቁጥሩም ተስተካከለ። አማርኛ አንድ ቃል ሳያውቅ፣ ከማላውቀው አገር፣ አንዲት ጸን ከየኔታ አፍ ተቀብሎ አቀናት።

ስለ መጥበቅና መላላት ግን ግራ ገባው። «ልዩነቱ በጽሑፉ ላይ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። የኔታ እንዲህ በዪው አሉኝ፦ «ጽሑፉ ላይ የለም። እኛም የተማርነው ከመምህር አፍ ነው።» መልሱ የመጣው በሁለተኛው ጉዞዬ ነው። «እንግዲያው የማትጽፉትን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ይህ ያስደንቃል። እኔ ላስተካክለው አልችልም፤ መግለጫው ላይ ጉድለቱን ጽፌ ላስገባው?» የኔታ ይህን ሳነብላቸው ብዙ ተደሰቱ፤ እሳቸው በሰውዬው እንደተገረሙት ሰውዬውም በእኛ መገረሙን እያስደጋገሙ ሰሙት። «ጉድለቱን ያልደበቀ ሰው ነው፤ ያስገባው» አሉ።

ገባ። የፕሮግራሙን ስም ስጽፍ ጎተራው አለኝ ብሎ መለሰልኝ፤ እንደ ማንኛውም ፓኬጅ በስሙ ታስሮ ተቀምጧል። ከሽንዲም ሆነ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ማንም ሰው ከአሁን በኋላ ሳይለምን ይወስደዋል። ሁለት ገጽ ምስጋና ልጽፍ ተሰናዳሁ። የኔታ ከለከሉኝ፤ ተማሪ አንዴ መርቆ ነው የሚሄደው አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን የምትል አንዲት መስመር ላክን።

ከዚያ ፈተናው ደረሰ። የኔታ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ከውጭ ወንበር አውጥቼ ቁጭ አልሁ፤ ማንም እንዳይገባ፣ እኔም ገባች እንዳልባል። በበሩ ስንጥቅ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጸጥታ፤ ከዚያ የኔታ ለብቻቸው «ኧረ ተው፣ እንዲያስ አላልሁም» ሲሉ። መልሶ ቁልፍ ይመታል። በሁለተኛው ቀን ማተሚያውን ራሳቸው አዘዙና ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ወጡ።

ርእሰ መምህሩ ቢሮ አብሬያቸው ገባሁ፤ ማንም አለመርዳቱን እንድመሰክር ተጠርቻለሁ። ርእሰ መምህሩ ፖስታውን ቀደደ፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሣ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። የኔታ ከፊቱ ተቀምጠው ወረቀቱ ሲገለበጥ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ወረደ፤ አንዲት አራት ነጥብ ጎድላ ኖሯል። ማሽኑ ነጥብ አያነብም። ሌላ ቀይ አላየሁም።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹መምህሩ ይረዳል።› ይህን ዐረፍተ ነገር አላልታችሁም አጥብቃችሁም አንብቡና ሁለቱን ፍቺ ጻፉ።» ከዚያ ዐረፍተ ነገሩን ለብቻው ደገመው፤ መጀመሪያ አላልቶ። ቀጥሎ አጥብቆ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀና ብሎ የኔታን አያቸው።

«ይህን ሁሉ ማን አነበበልዎት?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የምርመራ አልነበረም።

«አማርኛ የማያውቅ ሰው» አሉ የኔታ። «የማያውቀኝ ሰው። እሱ አላልቶ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ማጥበቁን ለልጆቹ ትቼዋለሁ።»

ርእሰ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ከደነው። መሳቢያውን ስቦ የሚቀጥለውን መንፈቅ የክፍል ድልድል አወጣና በአማርኛው ረድፍ ላይ የየኔታን ስም መጻፍ ጀመረ። ስሙን፣ ክፍሉን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አንድ በአንድ፣ እየጻፈ፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው።